የመጽሐፍ ብሎግና የማይለቅ ሕመም፦ እናንተ እንዴት ነው የምታስኬዱት?

ገጽ በገጽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ረዘም ቢልባችሁ ታገሡኝ።

ያነበብኳቸውን መጻሕፍት የምዳስስበት ብሎግ አለኝ። ዓመታት አስቆጥሯል። ገንዘብ አላገኝበትም፣ ላገኝበትም አስቤ አላውቅም። ግን በጣም እወደዋለሁ። አንድ ልብ ወለድ ጨርሼ ስለሱ ካልጻፍኩ ያነበብኩት አይመስለኝም። አስተያየት የሚተዉልኝ ሰዎችም አሉ። ፊታቸውን አላውቅም፣ የትኛው መጽሐፍ እንደሚያስለቅሳቸው ግን አውቃለሁ።

ችግሩ አንገቴና ትከሻዬ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ እጄ ይወርዳል። ብዙ ተመርምሬያለሁ። ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለም ተብያለሁ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። አንዳንድ ቀን ተቀምጬ ምዕራፍ በምዕራፍ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን መጽሐፉን ማንሳት ራሱ ያቅተኛል። ሲሻለኝ ያመለጠኝን ሁሉ ላካክስ እላለሁ። በማግስቱ አልጋ ላይ ነኝ። ከዚያ ብሎጉ ለሳምንታት ዝም ይላል።

አሁን ደግሞ አሳታሚዎች ከኅትመት ቀን በፊት የላኩልኝ መጻሕፍት ተከምረዋል። ቀኑ እየደረሰ ነው። ሳስበው ራሱ ትከሻዬ ይወጠራል። የቅርብ ጓደኛዬ «ተይው በቃ፣ ትርፍ ነገር ነው» አለችኝ። ለሥራዬና ለቤቴ ጉልበት መቆጠብ እንዳለብኝ አላጣሁትም። ለሥራና ለቤት ብቻ መኖር ግን ምን ዓይነት ኑሮ ነው?

ሕመም እያለባችሁ ስለ መጻሕፍት የምትጽፉ ካላችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ ነው? ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። እያመመኝ ያነበብኩትን መጽሐፍ በሚገባ መዝኜዋለሁ ማለት እችላለሁ?

ግማሽ ገጽ፦

እህቴ፣ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። የእኔ ወገብ ነው።

በመጀመሪያ፣ ምርመራው ንጹሕ መሆኑ ሕመምሽን ውሸት አያደርገውም። ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግር ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ነርቮች የሕመም መልእክት ለረጅም ጊዜ ሲያመላልሱ ከመጠን በላይ ንቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ድሮ የማያም ነገር ማመም ይጀምራል። ሕመሙ በረታ ማለት ሁልጊዜ አካል ተጎዳ ማለት አይደለም። ይህን ማወቁ እኔን ከብዙ ፍርሃት ገላግሎኛል።

የነገርሽን ነገር፣ ሲሻል ሮጦ በማግስቱ መውደቅን፣ የሕመም አያያዝ ባለሙያዎች አሳምረው ያውቁታል። አዙሪት ነው። መውጫው ልክሽን ከደህናው ቀን ላይ አለመውሰድ ነው። ለአንድ ሁለት ሳምንት ሕመሙ ሳይብስብሽ ስንት ደቂቃ ማንበብ እንደምትችዪ ያዢ። ጥሩውንም መጥፎውንም ቀን። አማካዩን አውጪና 20 በመቶ ያህል ቀንሺለት። አማካዩ 25 ደቂቃ ከሆነ ልክሽ 20 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ሰዓቱ ሲደውል ታቆሚያለሽ። ደህና ብትሆኚም ታቆሚያለሽ።

ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ጦፎ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረው መጽሐፍ መክደን ያንገበግባል። ግን ዕረፍት የሚጠቅመው ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ሲወሰድ ነው። ከተነሣ በኋላ የሚወሰደው ዕረፍት መውደቅ ነው።

ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ለኪያቸው። ለአንገት አንድ አይደሉም። እኔ ንባቡን ጋደም ብዬ ከመጻፉ ሦስት እጥፍ መቆየት እችላለሁ። ቆሞ መጻፍም ሞክሪ። አንዱ አቀማመጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፣ መቀያየሩ ነው ደጉ።

ብሎጉን በተመለከተ፣ በደህናው ሳምንት የጻፍሽውን ሁሉ ወዲያው አትለጥፊ። ዎርድፕረስም ብሎገርም ላይ ቀን ሰጥቶ ጽሑፉ በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ የተቀመጠ ዳሰሳ አለኝ። ሕመሙ ሲያገረሽ እሱ ይወጣል፣ እኔ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ወደ እጅ የሚወርድ ሕመም አለብኝ ብለሻል። አዲስ ድንዛዜ ከመጣ፣ እጅሽ ዕቃ መያዝ ካቃተው ወይም አረማመድሽ ከተለወጠ፣ «የለመድኩት ነው» ብለሽ አትለፊው። ቶሎ ሐኪም ይየው።

ማርጊን ላይ፦

ጓደኛሽ አስባልሽ ነው «ትርፍ ነገር» ያለችሽ። እኔ ግን አልስማማም። ሕመም ቀድሞ የሚወስደው እነዚህን ትርፍ የሚባሉትን ነው። ሥራ ግዴታ ነው፣ ቤት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ደስ የሚለው ይሆናል። ቀስ በቀስ ሰው ግዴታና ሕመም ብቻ ይዞ ይቀራል። እዚያ ደርሼ አይቼዋለሁ፣ ለጠላቴም አልመኘው። አሳንሺው እንጂ አትተይው።

ትረካ አድማጭ፦

የእኔ ማይግሬን ነው። ሲነሣብኝ ብርሃን አልችልም፣ ፊደል ዓይኔ ላይ ይጨፍራል። ስለዚህ አሁን አብዛኛውን በጆሮዬ ነው የማነበው። «ማዳመጥ ማንበብ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ዕድሜ ልካቸውን በጆሮ አንብበው ማናችንንም የሚያስንቁ ዓይነ ስውራን አሉ።

ለብሎግ ሲሆን ግን የራሱ ጣጣ አለው። የገጸ ባሕርያቱን ስም ሰምቼ እንጂ አይቼ አላውቅም፤ ፊደሉ ይምታታብኛል። ከመጻፌ በፊት መጽሐፉ በነጻ ከሚታይ ናሙናው ላይ ስሞቹን አረጋግጣለሁ። ጥቅስ ሲያምረኝ ደቂቃውን መዝግቤ፣ በኋላ ከጽሑፉ ጋር አመሳክራለሁ። የተራኪው ድምፅም ፍርድን ያጣምማል። ጎበዝ ተራኪ ደካማ ምዕራፍን ይሸፍናል፤ ሰነፍ ተራኪ ጥሩውን ይገድላል። ስለዚህ ዳሰሳዬ ላይ «በትረካ ነው የሰማሁት» ብዬ እጽፋለሁ።

ራስ ምታት ላለባችሁ ሁሉ ደግሞ ይህን እወቁልኝ። ጽሑፍ ለማድረስ ተብሎ ማስታገሻ እየዋጡ መቀመጥ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች ወይም ኮዴይን የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ያለባቸውን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ወደዚያ ይወስዳል። ከቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉ። ቁጥሩ እየቀረበ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ። የእኔ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው፣ ጣቶቼን ነው የያዘኝ። ጠዋት ጣቶቼ አይታዘዙም። ስለዚህ ጠዋት አልጽፍም፣ ከሰዓት በኋላ ነው የእኔ ሰዓት። አንቺም የትኛው ሰዓት እንደሚያዝንልሽ እዪው።

ወፍራም መጽሐፍ በእጅ አልይዝም። ጭኔ ላይ ትራስ፣ ትራሱ ላይ መጽሐፍ ማቆሚያ። አንገትም ቀና ይላል። ዓይንሽ ከመጽሐፉ ጋር እኩል ይሁን እንጂ ወደ ጉልበትሽ አትጎንበሺ። ለጉዞ የኤሌክትሮኒክስ ማንበቢያ እይዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትንሹ ኪንድል 158 ግራም ነው፤ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ከዚያ በጣም ይከብዳል። ፊደሉንም አጎላዋለሁ። ፊደል ሲያንስ ሳናውቀው አንገታችንን እናሰግጋለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። እሱን ነው የወደድኩት፤ ለደራሲው መጨነቅሽን ያሳያል።

እኔ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው። እያመመኝ ያነበብኩት ገጽ ኅዳግ ላይ «ሕ» ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ ነገር አልጨምርም። መጽሐፉን ጨርሼ ዳሰሳውን ልጽፍ ስቀመጥ፣ ያልወደድኩትን ነገር እዘረዝርና የት የት ገጽ ላይ እንደተሰማኝ አያለሁ። «ታሪኩ መሐል ላይ ተንዛዛ» ልል ነው እንበል። መሐሉ ሁሉ «ሕ» ከሆነ ቆም እላለሁ። የተንዛዛው ታሪኩ ነው ወይስ ሌሊቱ? ከእነዚያ ገጾች ጥቂቱን በደህና ቀን ደግሜ አነባለሁ። አሁንም ከተንዛዛ ያለ ማመንታት እጽፈዋለሁ። ካልተንዛዛ ነቀፌታው ይሰረዛል። ወቀሳዬ «ሕ» በሌለበት ገጽም ካለ ግን ድጋሚ ማንበብ አያስፈልገኝም፣ የመጽሐፉ ነው። በስልክ የምታነቢ ከሆነም በማስታወሻው ላይ ያችኑ ፊደል መጣል ትችያለሽ።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ የታመመ አንባቢ ከጤነኛው ያነሰ አንባቢ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ጤነኛው የማያየውን ታያለሽ። ትከሻውን በጥይት የተመታ ጀግና ሁለት ምዕራፍ ሳይሞላ አጥር ሲዘል ጤነኛ አንባቢ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔና አንቺ ግን እንይዘዋለን። ደራሲ ሕመምን ለጌጥ ሲያስገባ፣ ወይም በሽተኛ ገጸ ባሕርይ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ብቻ ተፈጥሮ ሲሞት ያሳምመናል። በአንጻሩ አንድ ደራሲ ሸሚዝ መቆለፍ የሚፈጀውን ጊዜ ሳይቸኩል ከጻፈ፣ ያንን ማድነቅ የምንችለው እኛ ነን። ስለዚህ ጻፊ። ብሎግሽ ላይ ሌላው የማይሰጠው ነገር ይሄ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ፦

መምህርት፣ የእርስዎን «ሕ» ዛሬውኑ እጀምራለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ከግማሽ ገጽ ጋር ግን በከፊል አልስማማም። ፋይብሮማያልጂያ አለብኝ፤ መላ ሰውነትን የሚያም፣ የሚያደክም ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ሰዓት እየደወለ ማንበብ ሞከርኩ፤ ለእኔ ንባብ መሆኑ ቀረ። ደወሉን እየጠበቅኩ አንዱም አይገባኝም። ንባብ የምወደው ራሴን ስለሚያስረሳኝ ነው። ሕመሜንም አብሮ ያስረሳኛል። በየ20 ደቂቃው «አለሁ» ካለኝ ምኑን ረሳሁት?

እኔ በማንኪያ ነው የማስበው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባት አሜሪካዊቷ ክርስቲን ሚዘራንዲኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፈችውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማንኪያ የቀኑ ጉልበትሽ ነው፤ ቀኑ ሲጀመር የተቆጠሩ ማንኪያዎች አሉሽ፣ እያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ይወስዳል። እኔ አንዳንዴ ሁሉንም ለአንድ መጽሐፍ እሰጣለሁ። ግን አስቤበት ነው። ማግስቱን አስቀድሜ ባዶ አደርገዋለሁ፣ ቀጠሮ የለም፣ ምግቡ ቀድሞ ተሠርቷል፣ ቤተሰብ ያውቃል። ይህ መውደቅ ሳይሆን ምርጫ ነው።

ጭንቅላቴ በጭጋግ የሚሸፈንበትም ቀን አለ። ያኔ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋኛል። የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በመጽሐፉ ውስጥ አኖራለሁ። ጭጋጉ ከበረታ ረጅሙን ልብ ወለድ ትቼ አጭር ልብ ወለድ ወይም ግጥም አነባለሁ። አንድ ግጥም አንብቦ ስለ አንድ ግጥም መጻፍ ሙሉ ጽሑፍ ነው። ድሮ ያነበብኩትን መድገምም እወዳለሁ፤ ታሪኩን ስለማውቀው አጻጻፉን የማየት ፋታ አገኛለሁ።

ግማሽ ገጽ፦

ፀሐይ፣ ማግስቱን ባዶ ማድረግሽ ነው ልዩነቱ። እኔ የተናገርኩት ሳያስቡት ስለሚሮጡት ነው። በደወሉም የሚበሳጭ ብዙ ሰው አለ። ደወሉን ትቶ «ይህን ንዑስ ምዕራፍ ስጨርስ እነሣለሁ» ማለትም ይቻላል፣ ምዕራፎቹ አጭር ከሆኑ። ግን እህታችን ገጽ በገጽ ገና ልኳን አላወቀችም። መጀመሪያ ልኳን ትወቅ፣ ከዚያ መቼ እንደምታልፈው ራሷ ትመርጣለች።

የመደርደሪያ ሰው፦

ስለተከመሩት መጻሕፍት ማንም አላነሣልሽም። ከሁሉ በፊት እነሱን ከጫንቃሽ አውርጂ። ዕረፍት በሌለው ቀነ ገደብ ሥር ምንም ዘዴ አይሠራም።

በስጦታ የተላከ መጽሐፍ ዕዳ አይደለም። ኔትጋሊን (አሳታሚዎች መጻሕፍትን ለገምጋሚዎች አስቀድመው የሚያድሉበትን ድረ ገጽ) የምትጠቀሚ ከሆነ፣ ከተፈቀዱልሽ መጻሕፍት በ80 በመቶው ላይ አስተያየት እንድትሰጪ ይመክራል። ምክር ነው፤ ካነሰ ምናልባት ቀጣይ ጥያቄሽን አሳታሚው ሊከለክል ይችላል፣ ከዚያ ያለፈ አይመጣብሽም። ለጊዜው አዲስ አትጠይቂ። አሳታሚው በቀጥታ የላከልሽ ከሆነ ደግሞ አጭር መልእክት ላኪ። እኔ የምልከው ይሄ ነው፦

«ሰላም። የላካችሁልኝን መጽሐፍ በጤና ምክንያት ለኅትመቱ ቀን ማድረስ አልችልም። ሳነበው ዳሰሳውን እልክላችኋለሁ፤ ቀን ግን አልቆርጥም። ለሌላ አንባቢ መስጠት ከፈለጋችሁ ደስ ይለኛል። ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ።»

በቃ። የምርመራ ውጤት አትዘርዝሪ፣ ይቅርታም አትደርድሪ። አብዛኞቹ «ጤናሽ ይበልጣል» ብለው ይመልሳሉ። መልስ ያልሰጠም አለ፤ እሱም መልስ ነው።

የኅትመት ቀን ላይ መጻፍ የግድ ነው ያለው ማነው? የወጣ ሰሞን ሁሉም ስለ አንድ መጽሐፍ ያወራል። ከዓመት በኋላ ግን ያንን መጽሐፍ ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ አንድ የበሰለ ዳሰሳ ነው የሚፈልገው። የቆዩ መጻሕፍት ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የእኔ ብሎግ ጥያቄ የሚጠይቁ፣ የሚከራከሩ አንባቢዎች ነው ያገኘው። ደግሞ ያልያዘሽን መጽሐፍ ግማሹ ላይ ማቆም ልመጂ። ጉልበት ውስን ሲሆን መጥፎ መጽሐፍ መጨረስ ቅንጦት ነው።

ገጽ በገጽ፦

ምን ልበላችሁ። ሁላችሁንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ደግሜ። እንዲህ አድርጌያለሁ። የመደርደሪያ ሰው መልእክት ለሁሉም አሳታሚዎች ተልኳል። ሁለቱ እስካሁን መልሰውልኛል፣ በመልካም ቃል። የንባብ ደቂቃዬን መያዝ ጀምሬያለሁ፤ ልኬ ካሰብኩት በጣም አጭር ነው የሚመስለው፣ ትንሽ አስከፍቶኛል። ቢሆንም እውነቱን ማወቅ ይሻላል። ፀሐይ፣ የአንድ ግጥም ጽሑፍ ያልሽው ልቤ ውስጥ ገብቷል። መምህርት፣ ስለ ሕመም አጻጻፍ ያነሡት ነገር ላይ አንድ ተከታታይ ዓምድ ልጀምር ነው፣ ከፈቀዱልኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለአንባቢዎቼ ስለ ሕመሜ ልንገራቸው? አንዴ ጠቆም አድርጌ አንድ ሰው «ይህን ሁሉ እየጻፍሽ ምኑን አመመሽ» ብሎኛል። ሁለተኛው፣ በድምፅ የምትጽፉ አላችሁ? በአማርኛ ይሠራል?

ማርጊን ላይ፦

ለመጀመሪያው፦ ፈቃድሽ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም። እኔ «ስለ እኔ» በሚለው ገጽ ላይ በሁለት መስመር ጽፌዋለሁ፦ ሥር የሰደደ ሕመም አለብኝ፣ ጽሑፎቼ በአቅሜ ልክ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በየጽሑፉ መግቢያ «ስለዘገየሁ ይቅርታ» ማለት አቁሜያለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ አስተያየት ሰጪ አታስረጂ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል ከማብራሪያዎቹ አንዱ ሰው አሞኛል ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል የሚል ነው። የዘርፉ ሊቃውንት ቃልሽን ካመኑ ያ ሰውዬ ማን ነው? አስተያየቱን ሰርዢው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦

ምን ፈቃድ ያስፈልግሻል ልጄ! ጀምሪው። የመጀመሪያውን ስትለጥፊ እዚህ አሳውቂኝ፣ ቀድሜ ነው የማነበው።

ትረካ አድማጭ፦

በአማርኛ ይሠራል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ አስገብቷል። ስልክሽ ላይ የጉግል ኪቦርድን አውርጂ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጊ፣ የማይክ ምልክቷን ተጭነሽ ተናገሪ። ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩን በልብሽ ጨርሰሽ ነው መናገር፤ እየተንተባተብሽ ካወራሽ ያንኑ ይጽፍልሻል። የመጻሕፍትና የሰዎች ስም ላይ ይሳሳታል። ሥርዓተ ነጥቡን እኔ በኋላ በእጄ አስገባለሁ። ያ እርማት ደግሞ እጅን ስለሚያደክም በሌላ ቀን አድርጊው፣ ከንግግሩ ጋር በአንድ ቀን አትደርቢው። መጀመሪያ በአጭር ጽሑፍ ሞክሪውና ትከሻሽ ምን እንደሚል ንገሪን።

ገጽ በገጽ፦

አሁን ይህን የጻፍኩት በድምፅ ነው። አራት ነጥቦቹን ብቻ ነው በእጄ የጨመርኩት። «ዳሰሳ» የሚለውን «ዳስ ሳር» ብሎብኝ አርሜዋለሁ። የቀረውን እርማት ነገ።